ማን ይቅደም? ማንስ ይተርፋል? ቁስለኛን መለየት ያስተማረው ሐኪም

ባሕር ዳር፦ በከባድ አደጋ የተጎዱ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሆስፒታል ደጃፍ ሲደርሱ ከመድኃኒቱም ከመርፌውም በፊት የሚመጣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ማን ይቅደም? ማን ትንሽ ይቆይ? የሐኪም እጅ ቢደርስለት የሚተርፈው የትኛው ነው? ሐኪሙ ጥቂት፣ አልጋው ውስን፣ ሰዓቱም የሚሮጥ በኾነበት ቦታ ይህን ጥያቄ በተሳሳተ መንገድ የመለሰ ሰው ሊድን የሚችለውን ያጣል።

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ተጋፍጦ ለሕክምናው ዓለም ሥርዓት ካበጁት ሰዎች መካከል አንዱ ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ፒሮጎቭ ነው። ዘመኑ ረጅም፣ ሥራው ሰፊ፣ ያየው ደምም ብዙ ነው። በከተማ ቤተ መንግሥት አጠገብም፣ በጦር ሜዳ ድንኳን ውስጥም፣ በገጠር የገበሬ ጎጆም ሠርቷል። ከሦስቱም ቦታዎች የተማረው ዛሬ በየሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይሠራበታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን የዘመን ቀመር ናቸው።

ፒሮጎቭ በኅዳር 1810 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ በጦር ሠራዊቱ የስንቅ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሹም ሲኾን፣ ቤቱም ልጅ የበዛበት ቤት ነበር። በልጅነቱ ወንድሙ በጽኑ ታመመና ኤፍሬም ሙኺን የተባለ ዝነኛ ሐኪም መጥቶ አዳነው። ትንሹ ኒኮላይ ይህን ካየ በኋላ ጨዋታው ሁሉ የሐኪም ጨዋታ ኾነ። እንደ ትልቁ ሐኪም እየተኮፈሰ ገብቶ የቤተሰቡን የልብ ትርታ ይዳብስ፣ መድኃኒት ያዝ ነበር።

ነገር ግን ቤቱ ሳይታሰብ ወደቀ። ከአባቱ ጋር የሚሠራ ሰው የመንግሥት ገንዘብ ይዞ በመጥፋቱ ዕዳው በአባቱ ላይ ወረደ፤ ንብረታቸውም ተያዘ። ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞተ። ሐኪም ሙኺን ግን ልጁን አልተወውም። ለዩኒቨርሲቲ ዕድሜው ያልደረሰው ኒኮላይ በወረቀት ላይ ዕድሜው ከፍ ብሎ ተጽፎለት በ14 ዓመቱ የሞስኮ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በ1828 ሲመረቅ ገና 18 ዓመት አልሞላውም ነበር።

የያኔው ትምህርት በአብዛኛው ከመጽሐፍ የሚነበብ እንጂ በእጅ የሚሠራ አልነበረም። ፒሮጎቭ የሐኪምነት ማዕረግ ሲቀበል ቀዶ ሕክምናን በእጁ አያውቀውም ማለት ይቻላል። እውነተኛውን ሙያ የተማረው ዛሬ ታርቱ በምትባለው የኢስቶኒያ ከተማ፣ በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1832 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፤ ወደ በርሊንም ተሻግሮ ተማረ። በ1836 በዚያው በዶርፓት ፕሮፌሰር ኾነ፤ ዕድሜው ገና 25 ነበር።

በዶርፓት በዘመኑ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ያዳናቸውን በሽተኞች ብቻ ሳይኾን የሞቱበትንም፣ የተሳሳተባቸውንም ሥራዎች እየመዘገበ በመጽሐፍ አሳተመ። አንዳንድ ሐኪሞች በዚህ ተገረሙ፤ ሌሎችም አልወደዱትም። የሐኪም ክብር የሚጠበቀው ስሕተትን በመሸፈን ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን እርሱ ስሕተቱን በአደባባይ አሰጣው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ማን እንደሚተርፍ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ማን እንደሞተና ለምን እንደሞተ በታማኝነት መቁጠር አለበት። ምርቱን ብቻ የሚቆጥርና ዋግ የበላውን ማሳ የሚደብቅ ገበሬ ለከርሞ ምን መዝራት እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም።

በ1841 ወደ ዋና ከተማዋ ሴንት ፒተርስበርግ ተዛውሮ በወታደራዊው የሕክምና አካዳሚ ማስተማርና ግዙፉን የቀዶ ሕክምና ክፍል መምራት ጀመረ። በዚያ የገጠመው ጠላት ከጥይት የከፋ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ያማረለት በሽተኛ ከቀናት በኋላ ቁስሉ መግል ይይዛል፣ ትኩሳት ይነሣበታል፣ ይሞታል። በአንዱ ቁስል ላይ የዋለው ጨርቅ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ተሕዋስያን የቁስል መመረዝ ምክንያት መኾናቸው ገና አልታወቀም። ፒሮጎቭ ግን ሞቱ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ እንደሚሻገር በዐይኑ አይቶ ጠረጠረ። ቁስላቸው የመረቀዙትን ከሌሎቹ ለይቶ በተለየ ክፍል እንዲተኙ፣ የሚያገለግሏቸውም ሰዎች፣ መሣሪያዎችም የተለዩ እንዲኾኑ አደረገ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር በ1867 ቁስልን ከተሕዋስያን የሚጠብቅበትን ዘዴ ለዓለም ከማሳወቁ ብዙ ዓመታት በፊት መኾኑ ነው።

በ1846 መገባደጃ ከአሜሪካ ቦስተን ከተማ አንድ ወሬ በዓለም ተሰማ። ኤተር የተባለ ፈሳሽ ትነቱ ሲሸተት ሕመምን ያስረሳል ተባለ። ፒሮጎቭ ወራት ሳይቆይ በእንስሳትና በራሱም ላይ ሞክሮ በቀዶ ሕክምናው ይጠቀምበት ጀመር። በ1847 ወደ ካውካሰስ ተራሮች ዘምቶ፣ ሳልታ በተባለችው የዳግስታን መንደር ከበባ ጊዜ በጦር ሜዳ ለቆሰሉት ኤተር ሰጠ። መቶ የሚደርሱ ቀዶ ሕክምናዎች በዚህ መንገድ ተከናወኑ። ወታደሩ ሌሎች ቁስለኞች እንዲያዩና እንዳይፈሩ በማለትም በፊታቸው ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት እግሩ የሚቆረጥ ሰው ጩኸቱ ሰፈሩን ያናውጥ፣ አንዳንዱም በሥቃዩ ብዛት ሕይወቱ ያልፍ ነበር።

የፒሮጎቭን ስም ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን የክሪሚያ ጦርነት ነው። ሩሲያ በአንድ ወገን፣ ኦቶማን ቱርክ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከአጋራቸው ከሰርዲኒያ ጋር በሌላ ወገን ተሰለፉ። የባሕር ዳርቻዋ የሴቫስቶፖል ከተማ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከበበች። ፒሮጎቭ በኅዳር 1854 እዚያ ሲደርስ መንገዱ ጭቃ፣ ጋሪው ሁሉ የቁስለኛ ጭነት ነበር። ቁስለኞቹ ያለ ድንኳን፣ ያለ ደረቅ ልብስ በዝናብ ይጓዛሉ። በከተማዋም ውስጥ ጤናማ ቁስል ያለውና ሥጋው የበሰበሰው፣ ቀላል ጉዳት ያለውና በሞት አፋፍ ላይ ያለው በአንድ ወለል ላይ ተቀላቅለው ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ጮክ ብሎ የሚጮኸው ቀድሞ ይታያል፤ ድምፁ የጠፋው ይረሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ደሙ አልቆ ድምፁ የጠፋው ነበር ፈጥኖ ሐኪም የሚያሻው።

ፒሮጎቭ ነገሩን ካጤነ በኋላ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። በእንዲህ ያለ ቀን ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው የሐኪም ቢላዋ ፍጥነት ሳይኾን ሥርዓት ነው። ሐኪሞች በመጀመሪያ ማከም ሳይኾን መለየት እንዳለባቸው ወሰነ። ጦርነትንም ሰውን በቁስል የሚፈጅ ወረርሽኝ አድርጎ ተመለከተው። ወረርሽኝ ደግሞ በአንድ ሐኪም ብልሃት አይገታም፤ የተደራጀ አሠራር ይሻል።

በሴቫስቶፖል የመኳንንቱ መሰብሰቢያ የነበረው ያማረ አዳራሽ ዋናው የቁስለኞች መቀበያ ኾነ። ትናንት ሙዚቃ ይደመጥበት፣ ጭፈራ ይታይበት የነበረው ወለል በደም ራሰ። ቁስለኛ በቃሬዛ ሲመጣ በሩ ላይ ይመረመርና በአራት ይመደባል። የመጀመሪያዎቹ ተስፋ የሌላቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ ቁስላቸው ከባድ ኾኖ አሁኑኑ ካልታከሙ የሚሞቱ፣ ከታከሙ ግን ሊተርፉ የሚችሉ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ቢኾንም እስከ ነገ ወይም ከዚያ በላይ መቆየት የሚችሉ ናቸው። አራተኛዎቹ ቀላል ቁስል ያለባቸው፣ ቁስላቸው ታስሮ ወደ ጓዶቻቸው የሚመለሱ ናቸው። እያንዳንዱ ምድብ የየራሱ ቦታና የየራሱ አገልጋዮች ነበሩት።

ቁስለኛን የመለየት ሐሳብ ከፒሮጎቭ በፊትም ነበረ። የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ፈረንሳዊው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ወታደር በማዕረጉ ሳይኾን በቁስሉ ክብደት ቅደም ተከተል ይታከም ብሎ ሠርቷል። ዛሬ በሆስፒታሎቻችን ትሪያጅ ተብሎ የሚጠራው አሠራርም ስሙን ያገኘው መለየት፣ መልቀም ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ቃሉ ቀድሞ ሱፍና ቡና በየደረጃው ለሚለዩ ነጋዴዎች ያገለግል ነበር። ቡና የሚለቅም እጅ የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው እንደሚለየው ዐይን ሁሉ፣ የሐኪምም ዐይን ፈጣንና የለመደ መኾን አለበት። ልዩነቱ በሐኪሙ ፊት ያለው የሰው ነፍስ መኾኑ ነው።

የዚህ ሥርዓት ከባዱ ክፍል የመጀመሪያው ምድብ ነው። ገና የሚተነፍስን ሰው ተስፋ የለውም ብሎ ወደ ጎን ማሳለፍ ለማንም ሐኪም ቀላል አይደለም። አንድ ሐኪም ሊተርፍ በማይችል ቁስለኛ ላይ ሰዓታት ሲያጠፋ ግን ሊተርፉ የሚችሉ ሌሎች በር ላይ ደማቸው ያልቃል። ፒሮጎቭ ይህን ሒሳብ አልሸሸውም። ኾኖም ተስፋ የሌላቸውን አልጣላቸውም። በግራንድ ዱቼስ ኤሌና ፓቭሎቭና ድጋፍ ተደራጅተው ወደ ጦር ሜዳ የዘመቱት የምሕረት እኅቶች ከካህናቱ ጋር ኾነው እነዚህን ሰዎች እንዲንከባከቡ አደረገ። ጥማቸውን ያረካሉ፣ ሕመማቸውን ያስታግሣሉ፣ የመጨረሻ ቃላቸውን ይሰማሉ። ሴቶች በጦር ሜዳ ምን ይሠራሉ ብለው ያጉረመረሙ ሹማምንት ነበሩ። እኅቶቹ ግን በቁስል ማሰር፣ በመድኃኒት ጥበቃና በስንቅ አያያዝ ተከፋፍለው ሲሠሩ፣ የቁስለኛው ስንቅም ከሌባ እጅ ተጠበቀ።

ፒሮጎቭ ትንበያን እንደ ማይለወጥ ፍርድ አልወሰደውም። አዲስ ዘዴ ሲገኝ የተስፋው ድንበርም ይሰፋል። በዘመኑ አጥንቱ የተሰበረና የቆሰለ እጅ ወይም እግር በአብዛኛው ይቆረጥ ነበር። ፒሮጎቭ አንድ ቀራጺ በጄሶ ሲሠራ አይቶ፣ ጄሶው ፈጥኖ መድረቁን አስተዋለና በጄሶ የተነከረ ጨርቅ በተሰበረ አካል ላይ መጠቅለል ጀመረ። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰንም በተቀራራቢ ጊዜ ተመሳሳይ ዘዴ አግኝቶ ነበር። ጄሶው አጥንቱን ሳይንቀሳቀስ ስለሚይዝ ቁስለኛው በጋሪ ረጅም መንገድ ቢጓዝም ጉዳቱ አይባባስም። ስለዚህ ይቆረጡ የነበሩ ብዙ እጅና እግሮች ተረፉ።

የሚተርፈውን የመለየት ዐይኑ ከጦር ሜዳ ውጭም ይነገርለታል። በ1855 ሳንባው ታሟል፣ ዕድሜው አጭር ነው የተባለ አንድ ወጣት መምህር በክሪሚያ ወደ እርሱ መጣ። ፒሮጎቭ መርምሮት ስጋት እንደሌለበትና ረጅም ዕድሜ እንደሚኖር ነገረው ይባላል። ወጣቱ ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነበር። ኋላ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ሠርቶ ዓለምን ያስደነቀው ሜንዴሌቭ እስከ 1907 ኖሯል። በ1862 ደግሞ የጣሊያኑ የነጻነት ታጋይ ጁሴፔ ጋሪባልዲ እግሩ ላይ በጥይት ሲቆስል፣ ጥይቱ ውስጥ ይኑር ወይም አይኑር ሐኪሞች ተከራከሩ። ፒሮጎቭ ቁስሉን በብረት ሳይጎረጉር መርምሮ ጥይቱ በቁርጭምጭሚቱ አጥንት ውስጥ እንዳለ፣ እግሩን መቁረጥ እንደማያስፈልግና ጊዜ እንዲሰጠው መከረ። ጥይቱ በኋላ ወጣ፤ ጋሪባልዲም እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ።

ፒሮጎቭ ከጦርነቱ በኋላ በኦዴሳና በኪየቭ የትምህርት ኃላፊ ኾኖ ቢሾምም ከባለሥልጣናት ጋር አልተስማማም። ከሹመቱ ሲሰናበት ዛሬ በዩክሬን ቪኒትሲያ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ቪሽኒያ በምትባል መንደር ወደነበረው ርስቱ ገባ። በ1861 የሩሲያ ገበሬዎች ከጭሰኝነት ባርነት ነጻ ሲወጡ በገበሬውና በባለ ርስቱ መካከል የመሬት ጉዳይ የሚያስማማ ሽማግሌ ኾኖም አገልግሏል። ጽጌረዳ ተከለ፣ አትክልት አለማ፣ በግቢውም ለገበሬዎች ነጻ ሕክምና የሚሰጥበት ቤት ከፈተ።

በዚህች መንደር ያየው ነገር አስደነቀው። በታላላቆቹ የከተማ ሆስፒታሎች እየሞቱ ያስቸገሩት ዓይነት በሽተኞች በመንደር ይድናሉ። ያው ሐኪም ነው፣ ያው ቢላዋ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም ያው ነው። ልዩነቱ ገበሬዎቹ ከታከሙ በኋላ በየጎጆው ተበትነው፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ማገገማቸው ነበር። በአንድ አዳራሽ የታጨቁት የከተማ በሽተኞች ግን የቁስላቸውን መርዝ ይወራረሱ ነበር። ከዚህ የተማረው ቁም ነገር ትልቅ ነው። የአንድ ቁስለኛ ዕጣ የሚወሰነው በቁስሉ ክብደት ብቻ ሳይኾን በሚተኛበት ቦታ፣ በሚነካው እጅና በሚጠቀለልበት ጨርቅ ጭምር ነው። በ1860ዎቹ አጋማሽ ያሳተመው የጦር ሜዳ ቀዶ ሕክምና መጽሐፉ ይህንኑ ትምህርት ይዟል። በመጽሐፉ ስለ ቁጥርም አስጠንቅቋል። የማይመሳሰሉ ቁስሎችን በአንድ መዝገብ ደምሮ የሟቹን ብዛት ማወዳደር ሐኪሙን እንደሚያሳስት ያምን ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ጊዜ የሆስፒታሎችን አያያዝ ሊመረምር ተጓዘ። በ1877 ዕድሜው ወደ 67 ሲቃረብም በሩሲያና በቱርክ ጦርነት ወደ ቡልጋሪያ ዘምቶ በጋሪና በፈረስ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ የቁስለኞችን አያያዝ አስተካከለ።

በ1881 ሞስኮ የሐኪምነቱን 50ኛ ዓመት በታላቅ ክብር አከበረችለት። በዚያው ወቅት በአፉ ውስጥ የማይድን ቁስል ነበረበት። ሩሲያውያን ሐኪሞች ካንሰር ነው፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አሉ። የቪየናው ዝነኛ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት ግን አደገኛ አይደለም ብሎ አጽናናው። በዚያ ዕድሜ ቀዶ ሕክምናውን እንደማይችለው ዐውቆ ሊያሳርፈው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ፒሮጎቭ ደስ ብሎት ወደ መንደሩ ተመለሰ። ይሁን እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ዕጣ የመረመረ ዐይን ከራሱ አልተደበቀም። ከሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በሽታው ካንሰር መኾኑን በገዛ እጁ ጻፈ። በታኅሣሥ 1881 በ71 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ እንዳይፈርስ ተደርጎ በመንደሩ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጧል።

ከሞቱ 15 ዓመት በኋላ የእርሱ ሀገር ሐኪሞች ወደ እኛም መጡ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም የዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ፤ በአዲስ አበባም ድንኳን ተክሎ አርበኞችን አከመ። በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ሆስፒታል መነሻም ከሩሲያውያኑ ሐኪሞች ሥራ ጋር ይያያዛል። የሩሲያ የጦር ሜዳ ሕክምና የተገነባው በፒሮጎቭ ትምህርት ላይ ነበርና፣ የሥራው ፍሬ እስከ ዓድዋ ጀግኖች ቁስል ደርሷል ማለት ይቻላል።

ፒሮጎቭ በዐይኑና በእጁ ይሠራው የነበረውን ግምት የኋላ ዘመን ሐኪሞች በቁጥር አስቀመጡት። በ1974 በግላስጎው ከተማ ሁለት ሐኪሞች የተጎጂን ንቃት ከ3 እስከ 15 የሚመዝን መለኪያ አወጡ። ዐይኑን ይገልጣል ወይ? ይናገራል ወይ? ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል ወይ? በሚሉ ጥያቄዎች የሚሞላ ነው። በዚያው ዓመት በየአካሉ ክፍል የደረሰውን ጉዳት ደምሮ እስከ 75 የሚያደርስ ሌላ መለኪያ ወጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ የንቃት፣ የደም ግፊትና የአተነፋፈስ ልኬት ከጉዳቱ ክብደትና ከተጎጂው ዕድሜ ጋር ተቀናጅቶ የመትረፍ ዕድልን በመቶኛ የሚያሰላ ቀመር ተሠራ። ይህ ቀመር ስለ ብዙ ሰዎች በጥቅል ይናገራል እንጂ በአንድ ሰው ላይ የሞት ፍርድ አይሰጥም። ከመቶ ዐሥሩ ብቻ ይተርፋሉ ከተባለ፣ ከፊታችን ያለው ሰው ከዐሥሩ አንዱ ሊኾን ይችላል። የቀመሩ ትልቁ ጥቅም ሊተርፉ ሲገባ የሞቱትን ለይቶ ሆስፒታሉን ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ማድረጉ ነው። ይህ ደግሞ ወጣቱ ፒሮጎቭ በዶርፓት የጀመረው ስሕተትን የመመዝገብ ልማድ ነው።

ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ ለገጠሩም ለከተማውም ነዋሪ ቅርብ ነው። መኪና ይገለበጣል፣ ሰው ከዛፍ ይወድቃል፣ በሬ ይወጋል። ቤተሰብ ተጎጂውን ተሸክሞ ሆስፒታል ሲደርስ ከኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ሲገባ አይቶ አድልዎ የተፈጸመ ሊመስለው፣ ሊቆጣም ይችላል። በበሩ ላይ ያለው ባለሙያ ግን የሚጠይቀው ማን ቀድሞ መጣ ብሎ ሳይኾን ማን መቆየት አይችልም ብሎ ነው። የሚጮኸውን አስቀምጦ ዝም ያለውን ሲያስገባ አጥፍቶ አይደለም፤ ሴቫስቶፖል በብዙ ደም ያስተማረችውን እየፈጸመ ነው።

የመትረፍ ዕድል የሚወሰነው ግን ሆስፒታል በር ላይ ብቻ አይደለም። ደም የሚፈስሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ የተሰበረውን አካል ሳያንቀሳቅሱ በእንጨት ደግፎ ማጓጓዝ፣ ቁስል ላይ እበትና አፈር አለማድረግ፣ የተሰበረን እግር ደም እስኪያቆም አጥብቆ አለማሰር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መድረስ የቤተሰብና የጎረቤት ድርሻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። የቪሽኒያ ገበሬዎች በጎጆአቸው ተኝተው የዳኑት ቁስላቸውን ከሌላው ቁስል የሚያርቅ፣ በጊዜው የደረሰ እጅ ስላገኙ ነው።